የሐዋ ሰሃን ካሳ

ሰው በጎረቤቱ ሀብት ቢቀና ያለ ነው። በጎረቤቱ ስባሪ የሚቀና ሰው ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ።

እኔና ሐዋ እዚህ መካነ ሰላም አንድ አጥር ተጋርተን እንኖራለን። የእሷ ዘሀራና የእኔ ትዕግስት አብረው ተምረው፣ አብረው ዱባይ ሄዱ። እዚያም ተመካክረው ለየእናታቸው አንድ አንድ ካርቶን የመስታወት ሰሃን በፖስታ ላኩ። ሱቁም አንድ፣ ቀለሙም አንድ። ዘሀራ ግን የእናቷን ዕቃ ኢንሹራንስ አስገብታዋለች። የእኔዋ «እግዜር ያውቃል» ብላ ልካዋለች። ምን ላድርግ፣ እኔን ትመስላለች።

ፖስታ ቤት አብረን ሄድን። የሐዋ ወገቧ ደኅና ስላልሆነ ካርቶኗን እኔ አነሳሁላት። ብድግ ሳደርገው ውስጡ እንደ ጸናጽል ተንሿሿ። እዚሁ እንክፈተው ብላት እምቢ አለች። ቤት ዘመድ አዝማድ ይጠብቃታላ። «ማንኪያ ጨምራበት ይሆናል» አለችና ባጃጅ ጠራች።

ማንኪያ የለም። ስባሪ ብቻ ነው።

ሐዋ አለቀሰች። ሰፈሩ ተሰበሰበ። «አብሽሪ» ያላላት የለም። ቆሎ ይዞ የመጣ አለ፣ እርጎ ይዞ የመጣ አለ። የእኔ ሰሃን አንድም ሳይነካ ገብቷል፤ እስቲ ማን ይየው? አንዲት ጎረቤት ብቻ ብቅ ብላ «ደኅና ገባልሽ? ተመስገን በይ» አለችኝና ወደ ሐዋ ቤት ተሻገረች። እኔም ተመስገን እያልኩ ተንገበገብኩ።

ፖስታ ቤቱ ስባሪውንም ካርቶኑንም እንዳትጥል ነገራት። ቆይቶም ጉዳቱን የሚያይ ሰውዬ ከደሴ መጣ። ስባሪውን አንድ በአንድ ደርድሮ ፎቶ አነሳው። የእኔን ሙሉ ሰሃን ማንም ፎቶ አንስቶት አያውቅም።

ከዚያ ሰውዬው ቀና አለና «ፖስታ ቤት አልከፈታችሁትም። እዚህ ቤት ወድቆ እንዳልተሰበረ በምን አውቃለሁ?» አለ።

ሐዋ እርጎ እየቀዳችለት ነበር። እጇ እንኳ አልቆመም። «አስካለ አለች አይደል፣ እሷ ናት የተሸከመችልኝ። እሷን ጠይቋት» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ወገኖቼ፣ ቅናት አጥንት ያነቅዛል የሚባለው እውነት ነው፤ ያን ጊዜ ጉልበቴ ላይ ተሰማኝ። «እኔ እንጃ» ብል በቃ፣ ሰሃን ያላት እኔ ብቻ ነኝ። ሐዋ ብትለምነኝ፣ ብትለማመጠኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ እቴ፣ ዞር ብላም አላየችኝ። እንደዚህ የምታምን ሴት ፊት እንዴት ተደርጎ ይዋሻል?

«ገና ከፖስታ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሳነሳው ነው የተንሿሿው። ባጃጁም አልመጣም ነበር» አልኩ። ሰውዬው ጻፈ። ሐዋ ለእኔም እርጎ ቀዳችልኝ። ጎመዘዘኝ።

ካሳው መጣ። በብሩም ከንፈሩ ወርቅ የተቀባ፣ ከፊተኛው የሚበልጥ ሰሃን ገዛች። ለትዕግስት ደውዬ ይህን ሁሉ ብነግራት፣ «እማዬ፣ ያንቺ እኮ አልተሰበረም» አለችኝ። መች ጠፋኝ? የሚያናድደኝስ እሱ አይደል?

መውሊድ ሲደርስ ሐዋ መጣች። «አስካልዬ፣ ሰሃንሽን አውሺኝ። የእኔን ለዚህ ሁሉ እንግዳ ማውጣት አልደፈርኩም» አለች። አዋስኳት። ሰርግ ሲሆንም መጣች፣ አዋስኳት። የእሷ ወርቃማ ሰሃን ከመደርደሪያው ሳይወርድ፣ የእኔው በየድግሱ እየዞረ ጠርዙ ተሸራረፈ፣ ቁጥሩም ሳሳ። ኢንሹራንስ የተሰበረን ይክሳል ይላሉ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው፤ ኢንሹራንስ የገባው አይሰበርም፣ የሚሰበረው የጎረቤት ነው።

ባለፈው ገና ታዲያ እንግዳ በዛብኝና ሰሃን አጠረኝ። ቅናቴን ዋጥ አድርጌ ሐዋ ጋ ሄድኩ። ዛሬ በወርቁ አበላለሁ ብዬ ነው።

«ምን ችግር አለ፣ ካንቺ የሚቀር ምን አለኝ?» አለችኝ። ጓዳ ገብታ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣችልኝ።

ቤቴ ገብቼ ፈታሁት። የራሴ ነው።