ግልባጭ ያለው ቂም

ሰው «ትቼዋለሁ» ሲላችሁ ቶሎ አትመኑት። የተወ ሰው ወሬውንም ይተዋል። እኛ ዘንድ እንደ መተው በአፍ የሚቀል፣ በሆድ የሚከብድ ነገር የለም። ሽማግሌ ተቀምጦ «በሉ ተነሡ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ» ሲል ሁለቱ ጠበኞች ብድግ ይላሉ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ፣ «እሰይ፣ ሰይጣን ይፈር!» ይባላል፣ ጠላው ይጠጣል፤ ከዚያ አንዱ በላይ በኩል ሌላው በታች በኩል ቂሙን በጉያው እንደያዘ ወደ ቤቱ ይገባል። አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ሲሉ ማንን እያዩ እንደተረቱ አይታወቅም። እኔን እያዩ ይመስለኛል።

ይህን የምላችሁ ልመክራችሁ አይደለም። መካሪ መሆን ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ያን ጉልበት ዲላ ላይ ጨርሼዋለሁ። ቂም ያደክማል ወገኖቼ! እንጨት የተሸከመ ሰው ቤቱ ሲደርስ ሸክሙን ይጥላል። ቂም የተሸከመውን ግን ቤቱ ሲደርስ ነው ይበልጥ የሚከብደው።

በጃንሆይ ዘመን፣ ዲላ ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የመዝገብ ቤት ሰው ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ፣ ምንም ነገር የማይጥል ሰው ማለት ነው። የገባውን ደብዳቤ ቁጥር እሰጣለሁ፣ የሚወጣውን ግልባጭ አስቀራለሁ፣ ባለጉዳዩ ሞቶ ልጆቹ ያረጁበትን ማመልከቻ ሳይቀር ከአይጥ ጋር እየታገልኩ አኖራለሁ። አለቃዬ «ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ አልተጻፈም ማለት ነው» ይሉኝ ነበር። ይህን ሥራ ዕድሜውን ሙሉ የሠራ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? እንዴት ተደርጎ!

አንዲት ልጅ ነበረችኝ፣ አስቴር። ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ መሥሪያ ቤቴ ትመጣና ከእግሬ ሥር ቁጭ ብላ ድንች ቆርጣ ማኅተም ትሠራ ነበር። በተጣለ ወረቀት ላይ እሱን እየመታች «አባዬ፣ ደብዳቤዎ ደርሶናል» ትለኛለች። አድጋ አንድ በይርጋጨፌ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ድሬሰር ወደደች። ልጁ የአገሩ ተወላጅ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ፣ ትሑትና ሥራ ወዳድ ነው። ጥፋቱ ይኸው ነበር። እኛ ከሰሜን የመጣን ሰዎች የአገሩን ቡና ስንጠጣ፣ የአገሩን ቆጮ ስንበላ ምንም አይለንም፤ ልጃችሁን ለአገሩ ልጅ ስጡ ስንባል ግን ደማችን ይፈላል። ሽማግሌ ላከ፣ መለስኩ። ደግሞ ላከ፣ ደግሜ መለስኩ። በሦስተኛው ጊዜ፣ ዝናብ እየወረደ ደጄ ላይ አቁሜአቸው፣ ግቡም ሳልል፣ «ዘሩም ሃይማኖቱም ከእኔ አይገጥምም» ብዬ በሩን ዘጋሁት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከግቢዬ ጀርባ ቡናና እንሰት ያላቸው የገዛ ጎረቤቴ፣ አቶ ጂግሶ ነበሩ።

በሳምንቱ አስቴር በአውቶቡስ ወደ ይርጋጨፌ ሄደች። እኔም «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም» ብዬ ማልኩ።

ባለቤቴ ወይዘሮ ዘነበች አልተከራከረችኝም። ብትከራከረኝ በወደድኩ! ዝም አለች እንጂ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፏ የሰማሁት «ይብሉ» እና «ይተኙ» ነው። ይብሉ ስትለኝ እበላለሁ፣ ይተኙ ስትለኝ እተኛለሁ፣ እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ? አስቴር ወንድ ልጅ መውለዷን እንኳ የሰማሁት ገበያ ላይ፣ ጨው ስገዛ፣ ከማላውቀው ሰው ነው። ሰውዬው «እንኳን ማርያም ማረችልዎት» አለኝ። ጨዉን ትቼ ሄድኩ።

እንግዲህ አንድ ቀን ፀሐይ ስትገባ፣ ጨረቃዋ ሞልታ ከእንሰቱ በላይ ብቅ ስትል፣ አቶ ጂግሶን በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። ጉቶ ላይ ተቀምጠው ለደረቀ የእንሰት ቅጠል ያወሩለታል። አውርተው ሲያበቁ ቅጠሉን አጠፉት፣ በቃጫ አሰሩት፣ ወርደው ከግቢያችን በታች ባለችው ጅረት ላይ ለቀቁት፣ እጃቸውን ታጥበው ዘወር ብለው ሳያዩ ተመለሱ።

«ምን እያደረጉ ነው አቶ ጂግሶ?» አልኳቸው።

«መጣል ነው።»

«ምኑን?»

«የወሩን። ጨረቃ ሲሞላ ሰው ሆዱን ያያል። የሚጣል ካለ ይጥላል። አባቴም እንዲህ ነበር።» አቶ ጂግሶ አማርኛቸው ውስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ አለቃዬንም ቄሱንም አንተ ነው የሚሏቸው፣ ማንም ተቀይሟቸው አያውቅም። ፊቴን አዩና፣ «ጨረቃ እንኳ ይሞላል፣ ከዚያ ይጎድላል። አንተ ግን ሞልተህ ቀረህ» አሉኝ።

መጀመሪያ አምልኮ እንዳይሆን ፈርቼ ነበር። ይህንኑ ስጠይቃቸው «ጨረቃ ምን ጆሮ አለው? የምሰማው እኔ ነኝ» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ድካሙ አንገፍግፎኝ ነበርና፣ በሚቀጥለው ወር ጨረቃዋ ስትሞላ ልሞክረው ተነሣሁ። ግን የመንግሥት ሠራተኛ ለቅጠል እንዴት ያወራል? ይጽፋል እንጂ! መስኮቴ አጠገብ ተቀምጬ ባለ መስመር ወረቀት ዘረጋሁና «ጉዳዩ፦ ልጄ አስቴር ያደረሰችብኝን ውርደት ስለመተው ይሆናል» ብዬ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ሞላሁ። ጅረቷ ላይ ወርጄ ለቀቅሁት። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ ወረቀቴንም ሁለቴ አሽከርክሮ ወሰደው። ቀለል ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

አመል ያወጣል ከመሐል የተባለው እውነት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ምን ቀርቶ ቢጠብቀኝ ጥሩ ነው? ግልባጩ። እጄ ሳያማክረኝ ከወረቀቱ ሥር ካርቦን አስገብቶ ኖሯል። መቅደድ ነበረብኝ አይደል? እኔ ግን በላዩ ላይ ቁጥር አንድ ብዬ ጽፌ፣ ከአልጋዬ ሥር ያለው ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ለምን ብትሉኝ፣ ሰው የተወውን ነገር ካላወቀ መተዉን በምን ያውቃል? ሆዴ በከበደኝ ቁጥር ግልባጩን እያወጣሁ ምን ምን እንደተውኩ አነብባለሁ። አንብቤ ስጨርስ እንደ አዲስ እበግናለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰባት ጨረቃ ጻፍኩ፤ ሰባቱንም ዋናውን ለጅረቷ፣ ግልባጩን ለሣጥኔ። ነገር ግን ለማንም የማይደርስ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ቀስ በቀስ መዋሸት ይሰለቸዋል። በአራተኛው ላይ ስለ ውርደቴ የምጽፈው አንሶኝ ግማሽ ገጽ ባዶ ቀረ። በአምስተኛው የእሷን ጥፋት ልዘረዝር ተቀምጬ ስለ ድንቹ ማኅተም ስጽፍ ራሴን አገኘሁት። በስድስተኛው ያን ቀን በዝናብ ሽማግሌዎቹን ያልቀበልኩት ሃይማኖት ቆርቁሮኝ ሳይሆን ሰዎች ምን ይሉኛል ብዬ እንደሆነ ጻፍኩ። ሰባተኛው በሆሣዕና ሳምንት ነበር። ጉዳዩ ብዬ እንኳ አልጀመርኩም። «ደክሞኛል። ልጄን አምጡልኝ» ብዬ ብቻ ተውኩት። እሱንም በካርቦን።

ይህ በሆነ በአራተኛው ቀን አቶ ጂግሶ ከአጥሩ ማዶ ጠሩኝ።

«ሰባት ጨረቃ ጣልክ» አሉኝ። «ፊትህ ግን አሁንም የተሸከመ ሰው ፊት ነው። ምን ሆነህ ነው?»

ስለ ግልባጩ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ካርቦን ምን እንደሆነ፣ ግልባጭ ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። ሲገባቸው ሳቁ፣ ሳቁ፣ መቆም አቅቷቸው ጉቷቸው ላይ ቁጭ አሉ።

«አይ አንተ! ጉድፍህን ወንዝ ወስደህ ጥለህ፣ ግማሹን መልሰህ አልጋህ ሥር ታስገባለህ?»

አፍሬ ወሬ ለማስቀየር ያህል «እርስዎስ ምን ምን ጥለው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«አንተን» አሉኝ፣ እንደ ዋዛ። «ያን ጊዜ በዝናብ በር ላይ አቁመህ የመለስከን ጊዜ፣ ጨረቃ ሲሞላ አንተን ጣልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ውሃ ወሰደ። እኔ ግልባጭ የለኝም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ» ያሉኝ፣ ስታመም ማር የላኩልኝ ሰውዬ ናቸው ይህን የሚሉኝ! ግልባጮቹን ልቀዳድዳቸው እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁና ሣጥኑን ከፈትኩት። ባዶ ነው።

«ዘነበች! እዚህ የነበረው ወረቀት የት ገባ?»

«በርበሬና ሽሮ ቋጠርኩበት» አለች፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል። ዘነበች ፊደል አልቆጠረችም፤ ለእሷ ወረቀት ወረቀት ነው።

«ለማን ነው የምትቋጥሪው?»

አሁን ቀና አለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን እያየች ተናገረችኝ። «ለልጄ ለፋሲካ የላክሁላት ነዋ። ትናንት በአውቶቡስ ሄዷል። ልጅ የለኝም ብለው የማሉት እርስዎ ነዎት፤ እኔ መቼ ማልኩ?»

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ቁጥር አንድን በልቤ አነበብኩት፤ ስለ እሷ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ባሏ ዘመዶች የጻፍኩትን አንድ በአንድ። ለሰው ይደርሳል ብዬ አልነበረማ! እስከ ዛሬ ርቃኝ ብትቆይ ይህን ካነበበች በኋላ የመቃብሬን አፈር እንኳ እንደማታይ ታወቀኝ። የዚያን ዓመት ሕማማት እኔን የሚያህል የሰገደ ሰው ዲላ ውስጥ አልነበረም። ሰዎች ትጋት መስሏቸው ነበር።

የፋሲካ ማግሥት፣ ካፊያው እየወረደ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ዘነበች ከእኔ ቀድማ ወጣች፤ ወዲያው ጩኸቷን ሰማሁ፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አለየሁትም። አስቴር ልጇን አዝላ ገባች። ከስታለች፣ ወይም እኔ አርጅቼ እንዲያ መሰለችኝ። በእጇ በርበሬ የነካቸው ወረቀቶች ይዛለች፣ እንደ ማኅደር ጥግ ለጥግ አስተካክላ፣ በቁጥራቸው ደርድራ። የእኔ ልጅ አይደለች!

ልቀበላት ብድግ አልኩ። እሷ አላለቀሰችም። ወረቀቶቹን ዘረጋችልኝና፦

«አባዬ፣ ግልባጩ ደርሶናል» አለችኝ። «ዋናው የት አለ?»

«ወንዝ ወሰደው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ይህንም ይውሰደው» ብላ ወረቀቶቹን መዳፌ ላይ አኖረችና ሳመችኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ልጇ ከጀርባዋ ላይ ሆኖ ሽማግሌ ሲያለቅስ አይቶ ስለማያውቅ በጣም ተገረመ።

በዚህ መሐል በተከፈተው በር ባሏን አየሁት። ውጭ፣ በካፊያው ውስጥ፣ ልክ ሽማግሌዎቹ የቆሙበት ቦታ ላይ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። አልገባም፤ ግባ ያለው የለማ። ወረቀቶቹን ይዤ እስከ በሩ ሄድኩና «ግባ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል?» አልኩት፣ ያቆመው ሰው እኔ እንዳልሆንኩ ሁሉ። አጎንብሶ ጉልበቴን ሊስም ሲል ክንዱን ይዤ አነሣሁት። ከአጥሩ ማዶ አቶ ጂግሶ ቡናቸውን እየኮተኮቱ ነበር፤ አላዩኝም፣ ወይም እንዳላዩ ሆኑልኝ።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። አስቴር ማታ ስትነግረኝ፣ ስድስቱ ወረቀቶች በርበሬ፣ ሽሮ፣ አብሽና ምኑ ሁሉ ተቋጥሮባቸው ነበር። ሰባተኛዋ፣ አንድ መስመር ብቻ ያለባት፣ ምንም አልተቋጠረባትም። በአራት ታጥፋ ለብቻዋ ከሁሉም በላይ ተቀምጣ ነበር። ዘነበች ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም ብያችኋለሁ። ያን ጊዜ ቀና ብዬ አየኋት፤ የልጅ ልጇን እያባበለች ነበር፣ ዞር ብላም አላየችኝም። እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ትቼዋለሁ።