ያልተመዘገበው ሙሽራ

ለሙሽራ በሰርጉ ዋዜማ ደግ ሕልም ይገባው ነበር። ናሁሰናይን የጎበኘው ግን ይኼ ነው።

በሕልሙ ሙሽራዋን ሶስናን ሊወስድ ወደ እናቷ ቤት ይሄድ ነበር። ሚዜዎቹ በሙሉ የቢሮ ማተሚያዎች ናቸው። በየእርምጃው ባዶ ወረቀት ይተፋሉ፤ ማንም አልገረመውም። ከበሩ ሲደርሱ እንደ ወጉ ሙሽራ የሚከለክሉ ልጃገረዶች መቆም ነበረባቸው። የቆመው ግን ነጠላ ያጣፋ ትልቅ ኮምፒውተር ነበር።

«ስም?»

«ናሁሰናይ። ሙሽራው እኮ ነኝ።»

«በፕሮጀክት ፋይሉ ውስጥ የለህም።»

ናሁሰናይን ላብ አጠመቀው። የዚህን ነገር ክፋት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መሥሪያ ቤቱ የአማርኛን ፊደል ሳያበላሽ የሚያትም ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት የኮድ ጥቅል፣ ይሠራል። ባልደረቦቹ ሁሉ ኮምፒውተራቸው ምዝገባ በማይጠይቀው በሊኑክስ ሥርዓት ነው የሚሠራው፤ አዲስ ፋይል ይፈጥሩና ዞር ይላሉ። የእያንዳንዱን ፋይል ስም የፕሮጀክት ፋይል በሚባለው መዝገብ ላይ በእጁ እየጻፈ ለዊንዶውስ የሚያስተዋውቀው እሱ ብቻ ነው። ያልተመዘገበን ፋይል ዊንዶውስ አፍንጫው ሥር ቢቀመጥ እንኳ አያውቀውም። ሁሉን ሲመዘግብ የኖረ ሰው ራሱን ይርሳ?

«እንግዲያው መዝግበኝ!»

«መዝጋቢው አንተ ነህ። ግባና ተመዝገብ።»

«ሳትመዘገብ አትገባም እያልከኝ እኮ ነው!»

«እሱማ አዎ» አለ ኮምፒውተሩ በትሕትና።

ናሁሰናይ ሮጦ በመስኮት ተመለከተ። እንግዶቹ ጣሪያው ላይ ተዘቅዝቀው ይበላሉ። ድፎ ዳቦው ቆሞ ሽማግሌዎቹን ይመርቃል። ሶስና በነጭ ቀሚሷ መሀል ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ አንጀቱን በላችው።

«ሙሽራው የት ነው?» አለች።

«አድራሻው ተገኝቷል» አሉ እናቷ እትዬ አስካለ። «ቢሮ፣ ከናሁሰናይ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ተሽከርካሪው ወንበር ላይ።»

ይኼም የራሱ ጥፋት ነበር። አንድ ጊዜ ተቻኩሎ የፋይሎቹን አድራሻ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚገኝ አድርጎ ጽፎ፣ ላይብረሪው ሌላ ሰው ጋ አልሠራም ብሎ አዋርዶታል። የራሱንም አድራሻ እንደዚያው የቢሮ ወንበሩ ላይ አድርጎ ጽፎ ኖሯል!

ወንበሩ ከራቫቱን አስሮ እየተሽከረከረ ገባ። ሶስና አጠገቧ አስቀመጠችው፤ ቀለበቱንም ክንዱ ላይ አሰረችለት። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

«ሶሲ! እሱ እኮ ወንበር ነው!» ናሁሰናይ መስኮቱን ደበደበ።

ሶስና ዞር ብላ አየችው። «ቢሆንስ? እሱ ቢያንስ መጥቷል።»

ናሁሰናይ የምሩን አለቀሰ።

የመኪና ጡሩምባ ቀሰቀሰው። ፀሐይዋ ወጥታለች፤ ጉንጩ ኪቦርዱ ላይ ተለጥፏል። ያለው ቢሮ ነው። ትናንት «አንድ ፋይል ብቻ ጨምሬ ልምጣ» ብሎ ከዘመድ አዝማዱ አምልጦ የመጣ ጊዜ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ነው። ስክሪኑ በቀይ ጽፎ ይጠብቀዋል፦ ፋይሉ አልተገኘም።

በሩ ተከፈተ። ሶስና ቬሏን እንዳደረገች ቆማለች። ከኋላዋ ሚዜዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ በወጉማ ሊወስዳት የሚሄደው እሱ ነበር።

«አለቀ?» አለችው።

«ሶሲዬ፣ አንድ ፋይል ብቻ...» ብሎ አፉን ያዘ። ሊነሳ ሞከረ፤ እግሩ ደንዝዞ እምቢ አለው።

ሶስና ሳቋም ዕንባዋም መጣ። ወደ ሚዜዎቹ ዞረች።

«ከነወንበሩ አንሱት!»