የጎደሉት ሃያ ምቶች

ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር። የጫሞ ሐይቅን ዓሣና የጫኖን ሙዝ እያመላለስኩ ያረጀሁባትን ፒክአፕ የሸጥኩበት ዋጋ ነው። ገዢው ጎማዎቹን ቆጠረ፤ እኔ ብሩን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ።

ሰው ሲበሳጭ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። እናንተም ትላላችሁ። ግን ቆሽታችሁ በየት በኩል እንደሆነ ብትጠየቁ ግማሾቻችሁ ደረታችሁን፣ ግማሾቻችሁ ጎናችሁን ትነካላችሁ። እኔም ስልሳ ዓመት ሙሉ ሳሳርረው ኖሬ ያለበትን ያወቅኩት የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ አስቴር ሆዷን ይዛ መጮኽ ስትጀምር ነው። በበላች ቁጥር ስለሚያማት ምግብ ፈራች። የጎድን አጥንቷ ሊቆጠር ደረሰ፤ እኔ ደግሞ የሚቆጠር ነገር ማለፍ አልችልም። አዲስ አበባ ወሰድኳት። ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን አንስቶ «ቆሽቷ ውስጥ ጠጠር አለ፤ እዚህ ልንረዳት አንችልም» አለኝ።

እንዲህ ያለውን ጠጠር ያለ ቢላ፣ በድምፅ ሞገድ የሚያደቅ መሣሪያ መኖሩን የነገረኝ ተከራዬ ነው፤ ከተማችን አርባ ምንጭ፣ ኮሌጅ ውስጥ የሚያስተምረው ህንዳዊ፣ መምህር ራጃን። ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ ይዞን ሄደ። ባልንጀራዬ ዳና ሊሸኘን መጥቶ «ድምፅ ድንጋይ የሚሰብር ቢሆን ኖሮ የሚስትህ ጩኸት ቤትህን እስካሁን ባፈረሰው ነበር!» ብሎ ሳቀብኝ።

ህንድ ያለው ሐኪም «መሣሪያው ሦስት ሺህ ምት ይመታዋል» አለ። ቃሉን ያዝኩ። አስቴርን በመርፌ አስተኝተው አስገቧት፤ እኔ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጣ! ጣ! ጣ! ዓሣ ስንቆጥር እንደምናደርገው፣ መቶ በሞላ ቁጥር አንድ የክብሪት እንጨት ወደ ግራ ኪሴ አዛወርኩ። እስቲ አስቡት፤ እያንዳንዱ ምት ቆዳዋን ሳይቧጭር፣ ሥጋዋን ሳይቀድ አልፎ ድንጋዩን ብቻ ለይቶ ይመታል። እኔ በወጣትነቴ ድንጋይ ፈልጬ ያደርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ መዶሻ አላየሁም።

ድምፁ ቆመ። ሃያ ዘጠኝ እንጨት፣ በላዩ ሰማንያ። ሃያ ጎደለ!

«መምህር፣ ሃያ ምት ይቀራል በልልኝ።»

ራጃን አፈረ። «ጋሼ፣ ይስቁብናል።»

«ይሳቁ። የከፈልኩት ለሦስት ሺህ ነው።»

ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ቴሌቪዥን ወደሚመስለው መሣሪያ ወሰደኝ። ጠዋት እንደ በቆሎ ፍሬ ነጭ ሆኖ ያየሁት ጠጠር የተበተነ ዱቄት ሆኗል። የተናገረውን ራጃን ተረጎመልኝ፦ «ድንጋዩ አለቀ። በቀረው ሃያ ማንን ልምታበት?»

በዕድሜዬ ጎድሎብኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አርባ ምንጭ ስንደርስ ዳና ደጃፌ ላይ ጠበቀኝ።

«የታል ጠጠሩ? አሳየና!»

«ዱቄት ሆነ።»

«ዱቄቱስ?»

«ወጥቶ ሄደ።»

«መኪናህን ሸጠህ ባዶ እጅህን መጣህ በለኛ!»

ጠጠሩ ተመልሶ ሊያድግ እንደሚችልም ሐኪሙ አስጠንቅቆኛል፤ በየጊዜው መታየት አለባት። እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው፦ መኪናዋ የለችም፣ ሐይቁ ዳር የምወርደው በእግሬ ነው። ሃያ ምት ቀርቶብኛል። የማሳየው ጠጠር የለኝም። ትርፉስ? ምሳ ላይ አስቴር የራሷን ጥብስ ዓሣ ትጨርስና የማላይ መስሏት እጇን ወደ ሳህኔ ትሰዳለች። አምስት ቁራጭ ይቀርብልኛል፤ ሦስት እበላለሁ።

ሁልጊዜ ሁለት ይጎድላል። ቆጥሬ ዝም እላለሁ።