ጦጣዋ ትዝፈን ወይስ ዮሃና?

እጄን አላወጣሁም! እሺ፣ አውጥቻለሁ፤ ግን ያወጣሁት «ልናገር» ለማለት ነው፣ ጋሽ ይሄይስ ድጋፍ ብለው ቆጠሩት። ናስረዲን ከስብሰባው መሀል ሹልክ ብሎ ወጥቶ «ሱሀይላም ደግፋብሻለች» ብሎ እንደደወለልሽ አውቃለሁ። አንቺም አንድ የስድብ መልእክት ላክሽልኝና ስልክሽን አጠፋሽ። ይሁን። ቃለ ጉባኤውን እንዳለ ልኬልሻለሁ፤ መጀመሪያ አንብቢ፣ ከዚያ ትሰድቢኛለሽ።

ቀን፦ ረቡዕ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሚዛን ተፈሪ፣ እትዬ ወሰንየለሽ ፀጉር ቤት
ሰዓት፦ ለጠዋቱ 3 ተጠርቶ 4 ተጀመረ

የተገኙ፦
1. ጋሽ ይሄይስ፣ ሰብሳቢ። የዮሃና ዘፈን ክሊፕ የተቀረጸበት የቡና ማሳ ባለቤት። ወንበር ስላልበቃ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ተቀምጠው መርተዋል።
2. እትዬ ወሰንየለሽ፣ የልብስና የፀጉር ኃላፊ።
3. አቶ ናስረዲን፣ ካሜራ። የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። «አቶ» ያልኩት ራሱ «አቶ ብለሽ ጻፊ» ስላለኝ ነው።
4. ሱሀይላ፣ ጸሐፊ። የተመረጥኩት «ትምህርቱን ትተሽዋል፣ ጊዜ አለሽ» ተብዬ ነው። ዳንሱን ያወጣሁት እኔ መሆኔ እስካሁን የትም አልተመዘገበም፤ ይኸው መዘገብኩት።

ያልተገኘች፦ ዮሃና፣ ዘፋኝ። ክሊፑ ላይ በገባችው ጦጣ ነገር ተቀይማ ቴፒ አክስቷ ቤት ገብታለች።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአምስት አራት ስለተገኘ ተሟልቷል። የጎደለችው ዘፈኑን የዘፈነችው ብቻ ናት። ሰብሳቢው «እሱ ችግር የለውም» ብለዋል።

አጀንዳ 1፦ ክሊፑ በሕዝብ ዘንድ ያገኘው ተቀባይነት

አቶ ናስረዲን ከስልኩ ላይ አስተያየት አንብቧል። «ጦጣዋ ገደለችኝ!» «ጦጣዋን ብቻ ቆርጣችሁ ልቀቁልን።» «ዘፋኟ ትንሽ ፈቀቅ ትበል፣ ጦጣዋን ጋረደችን።» በመጨረሻው ላይ እትዬ ወሰንየለሽ እንባቸው እስኪመጣ ስቀዋል። እኔ አልሳቅሁም። ይመዝገብ።

ሰብሳቢው «ተወደናል ማለት ነው» ብለው ደምድመዋል። ጸሐፊዋ «የተወደደችው ጦጣዋ ናት እንጂ እናንተ አይደላችሁም» ስትል «ስርዓት!» ተብላለች። ከረጅም ውይይት በኋላ ዩቲዩብ ላይ «ዮሃና፦ ጭቃው ይጨፍር» የሚለው ርዕስ ወርዶ «የሚዛኗ ጦጣ» እንዲባል ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ጦጣዋ ምስጋናው ለማን ይገባል

ይህ አጀንዳ ባለፈው ስብሰባ «ስለ ጦጣዋ ጥፋተኛው ማነው» ይባል ነበር። ያኔ ሁሉም እጁን ታጥቦ ነበር። ዛሬ ክሊፑ ሲታይ ጊዜ ሁሉም አባት ሆነ።

ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ ግን ቃለ ጉባኤ ስለሆነ ልጻፈው። የታሰበው ቡናው ሲያብብ፣ ማሳው ነጭ በነጭ ሆኖ ሳለ ሊቀረጽ ነበር። ቡናው ሲያብብ ኮሚቴው እዚችው ፀጉር ቤት ተቀምጦ በቀሚስሽ ቀለም ይጨቃጨቃል። ቢጫ ነው ብለን ስንስማማ አበባው ረግፏል። ከዚያ ምን ተባለ? ፈንዲሻ በኮላ ቅርንጫፉ ላይ እንለጥፍ፣ ከሩቅ አበባ ይመስላል! ቡና ውስጥ ተወልደው ቡና ውስጥ ያረጁ ሰዎች፣ ፈንዲሻ! አልበቃ ብሏቸው ፀጉርሽ ላይም ሰኩልሽ። ጦጦቹ ታዲያ ምን ያድርጉ? ተጠርተው መጡ፤ አንዷም ፈንዲሻውን ልትለቅም ፀጉርሽን ያዘች።

ጋሽ ይሄይስ «ማሳው የኔ ነው፤ በማሳዬ ላይ ያለች ጦጣ የኔ ናት» ብለዋል።

እትዬ ወሰንየለሽ «ፈንዲሻውን ያፈነዳሁት እኔ፤ እኔ ባላፈነዳ ጦጣዎ እርስዎን ልታይ ነው ከዛፍ የምትወርደው?» ሲሉ ጠይቀዋል።

አቶ ናስረዲን «ለማንኛውም የቀረጽኳት እኔ ነኝ» ብሏል። ጸሐፊዋ፣ ናስረዲን ጦጣዋን ሲያይ ካሜራውን እንደቆመ ጥሎ እስከ ዋናው መንገድ መሮጡን፣ የቀረጸውም ካሜራው ብቻውን መሆኑን አስታውሳለች።

«ዘጠነኛ ክፍል ያልጨረሰች ልጅ እኔን ልታርም ነው?» ብሏል።

«ዘጠነኛን ባልጨርስም ከጦጣ አልሸሸሁም» ተብሏል። ማን እንዳለው ይታወቃል።

ጸሐፊዋ ቀጥላ «ጦጣዋ ፀጉሯን ስትጎትት አንድ እርምጃ ያልሳተችው፣ ዘፈኗንም ያላቋረጠችው ዮሃና ናት፤ ምስጋናው ለሷ ነው» ብትልም ሐሳቡ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታልፏል። ምስጋናው ለሦስቱ እኩል እንዲሆን ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ የቅዳሜው የቴፒ መድረክ

የሙዚቃ ድግሱ አዘጋጆች ባነሩ ላይ የማን ስም እንደሚወጣ ዛሬውኑ ንገሩን ብለዋል። አቶ ናስረዲን ዮሃና ስለተቀየመች የአክስቱ ልጅ ትርፌ መድረክ ላይ ወጥታ አፏን እንድታንቀሳቅስ፣ ዘፈኑ ከስፒከር እንዲለቀቅ፣ እሱ ራሱ ደግሞ ጦጣ ሆኖ እንዲጨፍር ሐሳብ አቅርቧል። የጦጣው ልብስ ከብርድ ልብስ ይሰፋል። የማን ብርድ ልብስ ይቀደድ በሚለው ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጓል። ከሁሉም አጀንዳ በላይ የተለፋበት ይኼ ነው።

ገባሽ? ድምፅሽ ይመጣል፣ አንቺ ትቀሪያለሽ። እጄን ያወጣሁት እዚህ ጋ ነው። «ልናገር!» እያልኩ እያዩኝ፣ ጋሽ ይሄይስ «አራት፤ በሙሉ ድምፅ» አሉ። ናስረዲን ስልኩን ይዞ የወጣውም ያኔ ነው። ባነሩ ላይ የጦጣዋ ፎቶ ብቻ እንዲወጣ ተወስኗል።

ከአጀንዳ ውጭ የተነሳ

በዚህ መሀል የቴፒ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ሀይደር በሩ ላይ ቆሞ ተሳፋሪ ይጠራ ጀመር። «ጭቃው ይጨፍር»ን መስተዋቱ እስኪንቀጠቀጥ ለቆታል። ሰብሳቢው ስብሰባ ተረበሸ ብለው አስጠሩት።

«ለጦጣዋ ብለህ ነው አይደል የምትከፍተው?» አሉት።

«የምን ጦጣ?»

«ክሊፑን አላየኸውም?»

«ጋሽዬ፣ እየነዳሁ ክሊፕ ልይ? ሰው ልጨርስ? ፍላሽ ላይ ነው የጫንኩት። ይቺን ልጅ ካልከፈትኩ ተሳፋሪው ይጮህብኛል።» ቀጥሎም «ቅዳሜ እሷው ናት አይደል የምትዘፍነው? መኪናዋ በሷ ስም ሞልታለች» ብሏል።

እትዬ ወሰንየለሽ «እሷ ባትኖርስ? ጦጣ ብትኖር?» ሲሉ ጠየቁት።

«ጦጣ ለማየት ቴፒ ድረስ ምን አስኬደን እትዬ? እዚሁ እርስዎ ጓሮ አለች» ብሏል።

ሚኒባሱ ውስጥ የተቀመጡት ይኼን ሁሉ አልሰሙም። አዝማቹ ሲደርስ ተቀበሉሽ፤ አንዲት ሴትዮ ዶሮዋን ታቅፋ በመስኮት እየጮኸች። ዮሃና፣ ማንም ጦጣ አላለም። ያንቺን ነው የዘፈኑት። ኮሚቴው ከተቋቋመ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጭቅጭቅ ተስማምቷል። ናስረዲን እንኳ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከአጀንዳ 1 እስከ 3 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ርዕሱ ባለበት እንዲቆይ፣ ምስጋናው ከሦስቱም እንዲመለስ፣ ብርድ ልብሱ እንዳይቀደድ፣ ቅዳሜ ዮሃና በራሷ አፍ እንድትዘፍን በአራት ድምፅ ተወስኗል። የኔም እጅ አለበት፤ አሁን በደንብ አውጥቼ። ሆኖም ዮሃና ዛሬ ጀንበር ሳትጠልቅ ደውላ «እመጣለሁ» ካላለች ይኼኛውም ውሳኔ ተሽሮ የጦጣዋ ፎቶ ይታተማል። ይቺን የጨመራት ናስረዲን ነው፤ ልብሱን ለክቶ ነበር መሰለኝ።

ስብሰባው ረፋድ 5፡40 ላይ ሰብሳቢው ሲነሱ ካስኩ ግንባራቸውን መትቷቸው ተዘግቷል።

ወረቀቱን የሚሰጥሽ ሀይደር ራሱ ነው፤ ካላመንሽኝ እሱን ጠይቂው። ባነሩን የሚያትመው ማተሚያ ቤት ሲመሽ ይዘጋል። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ስልኬ እጄ ላይ ነው። ያንን ስልክ ክፈቺና ደውዪ! መስደብ ካማረሽም መጀመሪያ «እመጣለሁ» በዪና ከዚያ ስደቢኝ፣ እሰማሻለሁ። ብቻ ሳይመሽ ደውዪ!