የሾዴ ክርና የዓለሜ ዜሮ

(ነሐሴ ማለቂያ፣ 1981 ዓ.ም.፣ ሽሮ ሜዳ፤ የሸማኔዎች ማኅበር ቢሮ። ሸማኔው ሾዴ መስቀልን አገሩ ጋሞ ሊውል ነው፤ ባዶ እጁን እንዳይገባ ሦስት ጋቢ ጨርሶ መሄድ አለበት። የማኅበሩ ጸሐፊ በድሉ ሦስት ሳምንት ኮምፒውተር ተምሯል፤ ከዚያ ወዲህ አንገቱ አልታጠፈም።)

በድሉ: ጋሼ ሾዴ፣ ስንቴ ልንገርዎ? ኮምፒውተር ዜሮ ካለ ዜሮ ነው!

ሾዴ: ሦስት ጋቢ ሸምን ብላችሁኝ በዜሮ ክር? ምኔን ልሸምን፣ ጢሜን?

በድሉ: ይኸው ይመልከቱ። ለአንድ ጋቢ አራት ጥቅል ክር፤ እላይ ጽፌዋለሁ። ከሸማኔዎቹ መሠረት አምስት ጋቢ፣ ሃያ ጥቅል። ልክ አይደለም?

ሾዴ: ልክ ነው።

በድሉ: ዓለሜ ታሟል። ዜሮ ጋቢ፣ ዜሮ ክር።

ሾዴ: እግዜር ይማረው። እሱም ልክ ነው።

በድሉ: ሾዴ ሦስት ጋቢ፣ ዜሮ ክር።

ሾዴ: እኔም ታመምኩ?

በድሉ: ኤጭ! በቃ፣ ይሄ ነገር አይገባዎትም!

(ሾዴ ከኮምፒውተሩ የወጣውን ወረቀት በጣቱ እየተከተለ ያያል። የክር ግምጃ ቤቱ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ሩብ ጉዳይ ሆኗል።)

ሾዴ: ከሥሬ ያለው ካሣዬ አራት ጋቢ፣ አሥራ ሁለት ጥቅል ይላል። አራት ጊዜ አራት አሥራ ስድስት አልነበር እንዴ? አሥራ ሁለት የሚሆነው በእኔ ሦስት ሲባዛ ነው።

በድሉ: የታለ? እስቲ ልየው።

ሾዴ: እኔ ደግሞ በዓለሜ ዜሮ ተባዝቻለሁ! እሱ ቢታመም እኔን ምን አስተኛኝ?

በድሉ: ቆይ፣ ቆይ። ቀመሩን አንዴ ለመሠረት ጻፍኩና ወደ ታች ኮፒ አደረግኩት። ለካ አንድ መስመር በወረደ ቁጥር ያቺን አራት ትቶ ከሥሯ ያለውን ይይዛል!

ሾዴ: ሁሉም ከወረደ ምን ቆመ? እኛ ድሩን ችካል ላይ እናስራለን፤ የሚሮጠው መወርወሪያው ነው። ያንተ ችካል የታለ?

በድሉ: (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አለ። መጽሐፉ «አራቷ እንዳትነቃነቅ አድራሻዋ ላይ የዶላር ምልክት አድርግ» ይላል።

ሾዴ: ታዲያ?

በድሉ: ዶላር! በማኅበራችን ሥራ ላይ! ኢምፔሪያሊስት ልባል?

ሾዴ: ወረቀቱ ላይ ይወጣል?

በድሉ: አይ፣ ቀመሩ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

ሾዴ: እንግዲያው ቸንክራትና ክሬን ስጠኝ!

(በድሉ በሩን ዘግቶ ምልክቷን ይመታል፤ እንደገና ወደ ታች ኮፒ ያደርጋል። ሾዴ አሥራ ሁለት፣ ካሣዬ አሥራ ስድስት። በድሉ ግን ራሱን ይዞ ቁጭ ይላል።)

ሾዴ: ደግሞ ምን ሆንክ ልጄ?

በድሉ: ባለፈው ወር የቢሮውን ሠራተኞች ስኳር ያከፋፈልኩት በዚሁ ቀመር ነው። በዝርዝሩ ከእኔ በላይ ያለችው ደሳለች ተዛውራ ስለነበር ዜሮ ጻፍኩባት።

ሾዴ: ላንተስ ስንት ኪሎ ደረሰህ?

በድሉ: ምንም። ወሩን ሙሉ ሻይ እንዲሁ ስጠጣ ከረምኩ።

ሾዴ: ዝም ብለህ?

በድሉ: እኔው ያወጣሁት ወረቀት ነው ብዬ፣ በኩራት ፈረምኩ።

ሾዴ: (የተስተካከለውን የክር ማውጫ ወረቀት አጥፎ ኪሱ እየከተተ) አይ ልጄ! እኔስ አለመማሬ በጀኝ፤ ጠየቅኩ።