ጋሽ ቆይ የዓሣ መፈለጊያ ሲመርጡ

በዚህ ዓለም ዕቃ ለብቻው ገዝቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ገዛሁ የሚል ካለ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ዘመድ የለውም። ዘመድ ያለው ሰው ግን እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ፣ ከኋላው ትከሻውን ያዝ አድርጎ «ቆይ እስኪ!» የሚለው አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሰው ለየቤተሰቡ አንድ አንድ ታድሏል። ሁለት የደረሰው ቤተሰብ እስከ ዛሬም መሬት ላይ ነው የሚተኛው፤ አልጋ መች ገዝቶ!

ለፀጉር አስተካካዩ ቤተሰብ የደረሱት የሚስቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው በቅርቡ ጡረታ የወጡ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው፣ ቀጭን ረጅም ሰው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል። ሕዝቡ «ጋሽ ቆይ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም አቤት ይላሉ።

ክቡር ጋሽ ቆይ ዕቃ ሲመርጡ እንደ ሌላው ሰው ዋጋ ጠይቀው አይጀምሩም። ምን እንደሚሠራም አይጠይቁም። የእሳቸው ጥያቄ አንድ ናት፦ «ሲበላሽ ምን ያደርጋል?»

ሻጮች ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። «አይበላሽም አባባ፣ አዲስ እኮ ነው!» ይላሉ።

«አዲስማ ሁሉም አዲስ ነው። ሊፍት ሲሠራ ማንም ይወጣበታል። መብራት ሲጠፋ ውስጡ የቀረው ሰውዬ ምን ይሆናል? እሱን ንገረኝ።»

እህታቸው ስታገባ ማቀዝቀዣ ሊመርጡላት አብረው ወጡ፤ ማቀዝቀዣው ቤት ሲገባ የመጀመሪያ ልጇ ጥርስ አብቅሎ ነበር። ለፀጉር ቤቱ ወንበር ሊገዙ ከእህታቸው ባል ጋር የወጡ ጊዜማ፣ ጋሽ ቆይ ሻጩን ራሱን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ መርገጫውን እየረገጡ እስከ መጨረሻው ከፍ ካደረጉት በኋላ «እሺ፣ አሁን ነክሶ ቢቀር በየት በኩል ትወርዳለህ?» ብለው ጠየቁት። ሻጩ እንደተሰቀለ አሰበ። እነሱም ሳይገዙ ወጡ።

ፀጉር አስተካካዩ ስድስቱን ቀን የሰው ጭንቅላት ላይ ጎንበስ ብሎ ይውላል። በሰባተኛው ቀን ከከተማው ዳር ወዳለው ሐይቅ ይወርድና፣ ካያክ በምትባለው፣ ሰው እግሩን ዘርግቶ ለብቻው በሚቀመጥባት ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ ዓሣ ሊያጠምድ ይወጣል። «ዓሣ ስለ ፖለቲካ አያወራኝም» ነው የሚለው። ከዚህች ቀን በቀር ለራሱ ብሎ የያዘው ነገር የለም።

አንድ ቀን ግን ጭጋግ ድንገት ወርዶ ሐይቁን ሸፈነው። ሰውየው ወደ ቤቱ ያቀና መስሎት ሲቀዝፍ ውሎ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በማያውቀው ማዶ ወጣ። ስልኩ ውሃ ጠጥቶ ዝም ብሏል። ሚስቱ ደግሞ በዚህ በኩል ዳርቻው ላይ ቆማ፣ ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ ስሙን ስትጣራ ነው የዋለችው። የሰው መኪና ለምኖ ሲመለስ አልጮኸችበትም፤ ድምፅ የት አላትና! ለሁለት የሚፈታውን መቅዘፊያውን ፈታችና ግማሹን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

«ወደ ቤት የሚመልስህን መሣሪያ ጋሼ አይቶ እሺ እስኪልልህ ድረስ ይኼ እኔ ጋ ይቀመጣል» አለችው በሹክሹክታ።

በግማሽ መቅዘፊያም መሄድ ይቻላል፤ ዙሪያውን እየተሽከረከሩ። ስለዚህ ፀጉር አስተካካዩ እንደ ደህና ባል እጁን ሰጥቶ ጋሽ ቆይን ይዞ ሱቅ ለሱቅ ይዞር ጀመር።

የመጀመሪያው ሱቅ ባለቤት ወጣት ነበር፤ አፉ ማር ነው። ትሪ የምታህል ሰፊ መስታወት ያላት መሣሪያ አወጣና «ይቺ ሁለት በአንድ ናት» አለ። «ከጀልባው ሥር ድምፅ ትልካለች፤ ድምፁ ዓሣ ነክቶ ሲመለስ እዚህ ላይ ይታይዎታል። ከሳተላይትም ጋር ስለምትገናኝ የቆሙበትን ቦታ በካርታ ታሳያለች።» ከዚያ ማሳያውን ከፈተው። ዓሦቹ ቀይና ቢጫ ሆነው በሰማያዊ ውሃ ውስጥ ሲንሸራሸሩ ፀጉር አስተካካዩ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

«ዓሣው ይቆየን» አሉ ጋሽ ቆይ። «መጀመሪያ ሰውዬውን አሳየኝ። ባልዲ አለህ?»

«የምን ባልዲ?»

«ውሃ የሞላ። እሷን የምንነክርበት።»

«ውሃ አታስገባም እኮ! ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።»

«ካርቶኑማ ደረቅ ነው፤ ምን ቸገረው!»

ከዚያ ሱቅ በክብር ተሸኙ። በሁለተኛው ሱቅ ጋሽ ቆይ ወለሉን በጣታቸው እያሳዩ ፀጉር አስተካካዩን «ተቀመጥ» አሉት። «ጀልባህ ውስጥ እንደምትቀመጠው። እግርህን ዘርጋ።» መሣሪያውን ከጉልበቱ በላይ ይዘውለት የሱቁን መጥረጊያ አስጨበጡት። «በል ቅዘፍ! … አየህ? ክርንህ መታው። ትንሽ ወደፊት ላርገው። አሁን ሳትጎነብስ አዝራሩን ንካ… አልደረስክም። ጀልባ ላይ ስትጎነብስ ምን ትሆናለህ? ትገለበጣለህ!» ይህ ሁሉ ሲሆን፣ በየሳምንቱ ጢሙን የሚያስተካክል አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ባትሪ ሊገዛ ገባ። ደንበኛ ነውና ከመጥረጊያው በላይ ሆኖ በትሕትና ጎንበስ አለ።

«ሰላም ነው? ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፤ እየቀዘፍኩ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ምን ይበል?

በሦስተኛው ሱቅ መስታወቷ ፀሐይ ላይ ትነበብ እንደሆነ ለማየት ጋሽ ቆይ መሣሪያዋን ይዘው ወደ አስፋልቱ ሲወጡ ዘበኛው በፊሽካ ተከተላቸው። በአራተኛው ሱቅ የድሮ የሥራ ጓንታቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው አጥልቀው መጡና መሣሪያዋን መነካካት ሲጀምሩ ሻጩ «የፈጣሪ ያለህ!» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። በመጨረሻ ሁልጊዜም ያው ነው፦ መሣሪያዋን ያገላብጧታል፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፣ ፀጉር አስተካካዩ ትንፋሹን ይውጣል፣ እሳቸውም «ቆይ እስኪ፣ ደግሞ ሌላ እንይ» ይላሉ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ ውሃ።

የዓሣው ወቅት ሊያልቅ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ሲላጭ ሳይቀር ዓሣ ይታየው ጀመር። አንድ ቀን ታዲያ ምሳ ሰዓት ላይ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ብቻውን ሹልክ አለና፣ ያቺኑ የመጀመሪያዋን፣ ባለ ሰፊ መስታወቷን፣ ባለ ቀይ ዓሣዋን ገዝቷት መጣ። በመስታወት ፊት የሚውል ሰው ምርጫው መቼም መስታወት ነው።

«ጋሼ አየው?» አለችው ሚስቱ፣ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ይዛ።

ዓይኑን በጨው አጥቦ «አይተውታል» አላት። ግማሹን መቅዘፊያ አውጥታ ሰጠችው፤ ጉንጩንም ሳመችው። ይቺ መሳሟ ሐይቁ ድረስ ስታሳክከው ሄደች።

ውሃው ላይ ዓሦቹ እውነትም በመስታወቱ ታዩ። አንዳቸውም መንጠቆውን አልነኩም እንጂ ከላይ ከታች ሲመላለሱ ጥርት ብለው ነው። ቀዝፎ ቀዝፎ መሃል ሲደርስ እስኪ የመመለሻዬን መንገድ ልይ ብሎ ካርታውን ነካ። ጣቱ ርጥብ ነው። መሣሪያዋ ዝም። በሸሚዙ ጠረገው፤ ሸሚዙም ርሷል። ከመቅዘፊያው የተንጠባጠበች የውሃ ጠብታ መስታወቱ ላይ ስታርፍ ግን መሣሪያዋ እንደ ጣት ቆጥራ ታዘዘችላት። አንዷ ጠብታ ቋንቋውን ለወጠችው፤ የማን ቋንቋ እንደሆነ እንጃ። ሌላዋ ካርታውን አራቀችው። ሐይቁ ነጥብ አከለ፣ አገሩ ጠፋ፣ መጨረሻ ላይ መሣሪያዋ ድቡልቡል ብላ ዓለምን በሙሉ አሳየችው። ምድር ላይ መሆኑን አረጋገጠችለት፤ እሱንም ማመስገን ነው።

ሰማዩ ያን ቀን ወለል ያለ ነበር፤ ዳርቻው በዓይን ይታያል። ጭጋግ ቢወርድ ኖሮስ? ሚስቱ እዚያ ዳር ቆማ ስትጣራ ታየችው። መንጠቆውን እንኳን ከውሃው ሳያወጣ ወደ ዳር ቀዘፈ። ጀልባዋን አሥሮ በቀጥታ ወደ ጋሽ ቆይ ቤት ሄደ፤ እግራቸው ላይ ወድቆም ቢሆን ሊነግራቸው።

ወደዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ጋሽ ቆይ ወደ ሰው ቤት ይመጣሉ እንጂ ሰው ወደ እሳቸው አይሄድም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ገባ፤ የሚያየውንም ማመን አቃተው። የማቀዝቀዣው በር በገመድ ታሥሯል። ወንበሩ አንድ እግሩ ጡብ ነው። የማንቆርቆሪያው እጀታ ሽቦ፣ የጃንጥላው ግማሽ አጥንት ብቻ። የግድግዳው ሰዓት በጠራራ ፀሐይ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል። ያ ሁሉ ሻጭ ያስለቀሰ ሰው የሚኖረው እዚህ ነው?

«እሳቸውን ነው?» አለችው ጎረቤቲቱ ከበሩ ላይ፤ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አይታው ነው።

«አዎ። ይኼ ሁሉ… የእሳቸው ዕቃ ነው?»

«ታዲያ የማን ይሁን! ለራሳቸውማ መች ይመርጣሉ? መንገድ ላይ ያገኙትን አንስተው ይገባሉ። ምነው ሲባሉ፣ ለኔ ምን አለኝ፣ ቢበላሽ የሚጎዳው እኔ ብቻ ነኝ ይላሉ።» ትንሽ ተጠጋችውና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰሞኑን ግን ደህናም አይደሉ። ለእህቴ ባል ነው ብለው አንድ ማሽን ገዝተው መጡ። ባልዲ ውስጥ ነክረው አሳደሯት። ዛሬ ደግሞ አንሶላዬን ተውሰው ኋላ ሜዳ ላይ ናቸው።»

ከቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ መሃል አንድ በርጩማ ተቀምጧል። ከበርጩማው ራቅ ብሎ ነጭ አንሶላ ይራመዳል። ከአንሶላው ሥር የጋሽ ቆይ ረጅም እግሮች ይታያሉ፤ በውስጡም የአንዲት አነስተኛ መሣሪያ ብርሃን ይበራል፤ አዝራር ያላት፣ ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ውስጥ አይቶ የናቃት ዓይነት ናት። ጓንታቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ከአንሶላው ውጭ ምንም አያዩም፤ ጭጋግ መሆኑ ነው። ሁለት እርምጃ ሄደው ይቆማሉ፣ አዝራር ይጫናሉ፣ ትንሽ ወደ ግራ ዞር ይሉና እንደገና ወደ በርጩማው ያቀናሉ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይስቃል። እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል።

ፀጉር አስተካካዩ ግን መሳቅ አልቻለም።  እዚያው ቆሞ፣ እንዲህ ያለ ሰው ለቤቴ የሰጠኸኝ አምላክ ተመስገን አለ፤ አፉን ሞልቶ፣ ሰው እየሰማው።

«ጋሼ» አለ ጠጋ ብሎ። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እኮ ዋሽቼ… ልነግርዎት የመጣሁት…»

አንሶላው ቆም አለ።

«አሁን አታናግረኝ» አሉ ጋሽ ቆይ ከውስጥ። «ወደ ቤት እየመለስኩህ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ጎንበስ አለ። ከፊታቸው የነበረውን ድንጋይ አነሳላቸውና በዝግታ ከኋላቸው ተከተላቸው።