በዝምታዬ የተቀጠርኩበት አደን

በዝምታው ሥራ ያገኘ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

ሹፌር ነኝ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ግራውንድ ላይ ጋሽ ደምሴ ይኖራሉ፤ አዳኝ እንግዶችን ተከትለው ተራራ የሚወጡ ምግብ አብሳይ ናቸው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ያዙኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ባሌ ሥራ አለ። ለአደን እንዳንተ ያለ አፍ የሌለው ሹፌር ነው የሚፈለገው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና አልለየሁትም። እሺ አልኩ።

ድሮም ወሬ አልችልም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ፤ ዓመት ሊሞላት ነው። የተቸገረችው ልጄ ናት። ሶስና አምስት ዓመቷ ነው። ሕንፃችን ሊፍት የለውም። እናቷ ደረጃውን የምታስወጣት በተረት ነበር። ከታች ትጀምርና በራችን ላይ ስትደርስ ታበቃለች። ልጅቷ መውጣቷንም አታውቀውም። የእኔ ተረት አንደኛ ፎቅ ላይ ያልቃል። «አንበሳ ነበር። ሞተ።» «ከዚያስ?» «አለቀ።» ሦስቱን ፎቅ ዝም ብለን እንወጣለን።

ባሌ ልሄድ ነው ስላት ብስኩት አላለች፣ አሻንጉሊት አላለች። «አራተኛ ፎቅ የሚደርስ ተረት ይዘህልኝ ና» አለችኝ። ከባድ ዕቃ አዘዘችኝ። እህቴ ዘንድ ትቻት ሄድኩ።

እንግዳው ፒተር ይባላል። አገሩ ዳር እስከ ዳር ሜዳ ነው አሉ። ከፍታ ሲያምራቸው ድልድይ ላይ ይወጣሉ። ይህ ሰው ፈቃድ አውጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ለደጋ አጋዘን አደን ነው። በምን? በቀስት! ጠመንጃ በሞላበት ዘመን! ጌጃ ሰፈር ያለው ጎማ ጠጋኝ ወዳጄ ዕቃውን አየና፣ «ጀለሴ፣ ጥይት ተወደደ እንዴ?» አለኝ። ቀስቱ ደግሞ ጫፍና ጫፉ ላይ መዘውር አለው። የብስክሌት ዘመድ ይመስላል።

መንገዱን ምን ልበላችሁ! ሻሸመኔ፣ ዶዶላ፣ ከዚያ ሽቅብ። መኪናው ባቃሰተ ቁጥር የእኔ ልብ በደስታ ይዘላል። እንዲህ ከሆንኩ ስንት ጊዜዬ! ሜዳ ያሳደገው እንግዳችን ግን አየሩ ሳስቶበት እንደ ዓሣ አፉን ይከፍታል።

በቀስት ለመምታት ሠላሳ እርምጃ ድረስ መቅረብ አለባችሁ። አጋዘን ደግሞ ሁለመናው ጆሮ ነው። በመጀመሪያው ቀን እንግዳው አስነጠሰው፤ አጋዘኑ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ነፋሱ ዞረብን፤ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ዕቃ ተሸካሚው ሆዱን አመመው። ጋሽ ደምሴ መንገድ መሪውን፣ ኦቦ ከድር የሚባሉትን የአገሩን አዛውንት፣ «ይሄን ልጅ ውሰዱት። ቢወጉትም አይናገር» አሏቸው።

ወገኖቼ፣ አየሁት! አስታ የሚሉት የደጋ ቁጥቋጦ መሃል፣ ቀንዱ ሽቅብ የተጠማዘዘ፣ ጎፈሬው ላይ ጤዛ ያዘለ ወንድ አጋዘን ቅጠል ይቀነጥባል። ኦቦ ከድር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እንግዳው ተነሣ። ቀስቱን ለጠጠ። እኔ ለሶስና እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ነው፤ በሐሳቤ ሦስተኛ ፎቅ ደርሻለሁ።

ይሄኔ እንግዳውን እርጥብ ድንጋይ አዳለጠው።

ሰው ሲያዳልጠው እናንተ ምን ትላላችሁ? አስባችሁ ነው የምትሉት?

«እኔን ይድፋኝ!»

ተራራው ራሱ ጩኸቴን ተቀበለኝ። አጋዘኑ አንዴ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ የለም። ቅጠሉ ብቻ ይወዛወዛል። እንግዳው ደግሞ ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም።

ኦቦ ከድር ቁጭ ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ሦስት ቀን ዝም ብለህ፣ ብለህ... አሁን?»

ድንኳናችን ዘንድ ስንመለስ እንግዳው ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ምን ብሎ ነው የጮኸው አለ። ጋሽ ደምሴ ተረጎሙለት፤ በአንተ ፋንታ እኔ ልውደቅ ማለቱ ነው አሉት። ሰውዬው አሰበ፣ አሰበና፣ «ታዲያ ለምን አልወደቀም?»

ኦቦ ከድር በሳቅ ተንከተከቱ። እኔም ሳቅሁ። ድምፄን ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ።

ጥያቄው ግን እውነት ነው። ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ይህንኑ ቃል ስል ነው የከረምኩት። እኔን፣ እኔን። እሷ ሄደች፣ እኔ ቆሜያለሁ። ቃሉ ባዶ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ተራራው ላይ ግን አንዴ ስለው አንድ ነፍስ ዳነበት። አጋዘኑ የተባለለት እንኳ አልነበረም። ቢሆንም ዳነ።

ልደታ ስገባ ሶስና ደረጃው ሥር ጠበቀችኝ። «አመጣህ?» ጀመርኩ። አንደኛ ፎቅ ላይ ገና ሻሸመኔ ነን። ሁለተኛ ላይ እንግዳው አስነጠሰው። ሦስተኛውን እንዳለፍን ቀስቱ ተለጠጠ። ልጄ ዓይኗን ከአፌ ሳትነቅል እግሯ ደረጃውን ሳተው።

«እኔን!» አልኩ።

እጄን ይዛ ተነሣችና ተቆጣችኝ። «አባዬ! አስበረገግከው!»

በራችንን ከፈትኩ። አልገባ አለች። «ከታች እንጀምር። አሁን ግን እንዳትጮህ፣ ቀስ ብለን ነው የምንጠጋው።»

ወረድን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ማለት ለጋሽ ደምሴ ምን ይቸግራቸዋል? ደረጃ አይወጡ፤ ግራውንድ ነው የሚኖሩት።